ለፍሬን የተተወ ቦታ

አጎቴ መዝፈን ያቆመው ማክሰኞ ነው። እኔ ግን እዚያው ቤት እየኖርኩ ያወቅሁት ቅዳሜ ነው፤ ያውም ሚስቱ ነግራኝ።

«አጎትሽ ዛሬም የኩሽናዬን መደርደሪያ ሊያስተካክል ነው» አለችኝ ሻይ እየቀዳች። «ትናንት ድስቶቼን በቁመታቸው ደረደራቸው። ከትናንት ወዲያ ማንኪያዎቹን። ጠዋት ጠዋት ሲዘፍን ቢያንስ እጁ ያርፍ ነበር።»

«ለምን አይዘፍንም?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? ያንን ነገር ስልኩ ላይ የጫንሽለት አንቺ።»

አጎቴ ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ነድቷል። ከዚያ ውስጥ ሃያ ስድስቱን አብሮት የሠራው አንድ ትኬት ቆራጭ ነው። ሰውየው ቀኑን ሙሉ «ጠጋ በሉ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲል ስለሚውል ስሙ ጠጋበሉ ሆኖ ቀረ፤ የገዛ ልጁ ሳትቀር እንዲያ ነው የምትጠራው። እሱ ደግሞ አጎቴን ፍሬን ይለዋል። የስሙን ምክንያት ሁለቱም ለየብቻ ነግረውኛል፤ የሁለቱ ወሬ አይገጥምም።

መንገዱ ሲረዝም ይዘፍኑ ነበር። ጠጋበሉ ከኋላ በር ሆኖ አንድ ስንኝ ያወጣል፤ ከዚያ የአውቶቡሱን ቆርቆሮ በመዳፉ ሁለቴ ይመታል፤ አጎቴ መሪውን እንደያዘ ይቀበላል። በእነሱ ሥራ አንዴ መምታት «ቁም» ነው፣ ሁለቴ መምታት «ሂድ»። ስንኙ እዚያው የሚፈጠር ነው፤ ስለ ተሳፋሪው ጫማ፣ ስለ መንገዱ ጉድጓድ፣ ስለ ተቆጣጣሪው ሆድ። ጡረታ ሲወጡ ጠጋበሉ ሌላ ከተማ ልጁ ዘንድ ገባ። የእሱ ጉልበት ደረጃ አይወጣም፤ የአጎቴ ዓይን ከእንግዲህ መንገድ አያምንም። እኔ ከውጭ ተመልሼ ሥራ ስጀምር ሁለቱ ከተያዩ አራት ዓመት ሆኗቸው ነበር።

የምሠራበት ድርጅት ሰዎች በስልካቸው አብረው ሙዚቃ የሚሠሩበት መተግበሪያ ያዘጋጃል። አንዱ ድምፁን ይቀዳና «ክፍል» በምንለው ቦታ ያስቀምጠዋል። ሌላው፣ በሚመቸው ሰዓት፣ ካለበት ሆኖ፣ በዚያ ላይ የራሱን ይጨምራል። አንዱ ይዘፍናል፣ አንዱ ጊታር ይመታል፣ አንዱ ጠረጴዛ ይደበድባል፤ ሲያልቅ አንድ ዘፈን ይሆናል። ለአጎቴና ለጠጋበሉ አንዲት ክፍል ከፈትኩላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የጠጋበሉ ስንኞች ይደርሳሉ፤ አጎቴ ቁርሱን ሳይበላ መልሱን ቀድቶ ይልካል።

ድርጅት ስል ትልቅ እንዳይመስል። ስድስት ሰዎች ነን፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከመስታወት ቆራጭ ሱቅ በላይ። ታች መስታወቱ ሲንጫጫ ላይ ቀረጻ ይቆማል። የቀረጻ ክፍላችን ድሮ የመጥረጊያና የባልዲ ማስቀመጫ ነበረች፤ ግድግዳዋን በፍራሽ ስፖንጅ አልብሰናታል። ለአንድ ሰው ትበቃለች፤ ሁለት ከገቡ መዋደድ አለባቸው። ባልደረቦቼ ሚሊ ይሉኛል፤ ሚሊሰከንድን ለማሳጠር ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሩቅ አገር የተማርኩት ድምፅን መለካት ስለሆነ አልከፋኝም። ሊከፋኝ የሚገባው ሌላ ነገር ነበር። ከተመለስኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ሻንጣዬ ግን አልጋዬ ሥር ግማሹ ተፈትቶ ግማሹ እንደታሸገ ነው። የአጎቴ ሚስት ክፍሌን ስትጠርግ መጥረጊያዋን ታቆምና «ይሄ እንግዳ መቼ ነው አረፍ የሚለው?» ትላለች።

ከወር በፊት ግን አንድ ነገር ሠራሁ። ስሙን ባዶ ቆራጭ አልነው። ሰው ሲቀዳ ብዙ ያባክናል፤ ያመነታል፣ ወንበር ያንቀሳቅሳል፣ ቀጥሎ የሚለውን ያስባል። ባዶ ቆራጩ ከሁለት ሰከንድ የበለጠ ዝምታ ሲያገኝ ይቆርጥና ጫፎቹን ይሰፋል። በዳር በዳሩ ያለውን ኳኳታም ይጠርጋል። መርፌው የገባበት አይታይም። ከአስተማሪዎቼ አንዱ «ዝምታ የሚናገረው ነገር የለም፤ ቦታ ግን ይይዛል» ይል ነበር፤ እኔም አምኜዋለሁ። ፋይሎቹ በሲሶ አነሱ፤ ስልክ ላይ ቶሎ ይከፈቱ ጀመር። ሥራ አስኪያጇ በስብሰባ መሀል ተነሥታ አጨበጨበችልኝ። ከተመለስኩ ወዲህ ያለ ጥርጥር የእኔ ነው ያልኩት የመጀመሪያው ነገር እሱ ነበር።

ስንፈትነው እንከን አልተገኘበትም። ግን የፈተንነው እኛው ነን፤ ወጣቶች፣ በመጥረጊያ ክፍሏ ውስጥ፣ ምቱን በጆሮ ማዳመጫ እየቆጠርን፣ በትንፋሽ እንኳን እየተሽቀዳደምን። ከመካከላችን ለሌላ ሰው ቦታ የሚተው አልነበረም።

ያን ቅዳሜ ሻዬን ይዤ ወደ ኩሽና ገባሁ። አጎቴ ወንበር ላይ ቆሞ የመደርደሪያውን ብሎን ያጠብቃል።

«ጋሼ፣ ከጠጋበሉ ጋር ተጣላችሁ እንዴ?»

«እኔ ከማንም አልተጣላሁም። እሱ በሩን ዘጋ፣ እኔ ወረድኩ። አለቀ።»

«ምን አደረገህ?»

«ደረበብኝ።» ብሎኑን አንድ ዙር ጨመረለት። «ሃያ ስድስት ዓመት ቦታዬን ሲተውልኝ ኖሮ፣ አሁን ስንኝ ያወጣል፣ ወዲያው ሌላ ስንኝ፣ ወዲያው ሌላ። እኔ በየት ልግባ? በመስኮት?»

«ምናልባት ቸኩሎ...»

«እኔም መጀመሪያ እንደሱ ነው ያልኩት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰው አይቸኩልም። ደግሞ ሁለቴ መምታቱንም ተወ። ሂድ የማይልህ ትኬት ቆራጭ ምን እያለህ ነው? ውረድ እያለህ ነው።»

ሦስት ሳምንት ሲል የሻይ ብርጭቆዬ ከከንፈሬ ሳይደርስ ቆመ። ባዶ ቆራጩን የለቀቅነው ማክሰኞ ዕለት ልክ ሦስት ሳምንት ሞልቶት ነበር። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ምናልባት ሌላ ነገር ይሆናል አልኩ፤ ምናልባት ጠጋበሉ እውነት ሰልችቶት ይሆናል፣ ሽማግሌ አይደለም ወይ፣ ሽማግሌ ይሰለቻል። ሻዬን ጠጥቼ ብርጭቆዬን አጠብኩ፤ እሁድንም እንደዚያው እያልኩ አዋልኩት።

ሰኞ ቢሮ ስገባ አቤቱታ የሻይ ሰዓት ንባቧን ጀምራለች። አቤቱታ የምንላት የደንበኞችን ደብዳቤ የምትመልሰውን ልጅ ነው። አስቂኞቹን መርጣ፣ ዳቦዋን እየቆረሰች፣ በተራኪ ድምፅ ታነብልናለች።

«ይህችን ስሙ። ‹የምመልስበትን ቦታ ማን ወሰደብኝ?› ትላለች። የመኪና ማቆሚያ መሰልናት እንዴ?» ዳቦዋን ዋጠች። «ሌላው ደግሞ፦ ‹እህቴ አታስተነፍሰኝም፤ ድሮ እንዲህ አልነበረችም።› አሁን ለዚህ ምን ብዬ ልመልስ? ሽማግሌ ላኩባት?»

ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። «እንዲህ ያሉ ስንት አሉ?» አልኳት።

«አርባ ሦስት። ‹የግል ጠብ› የሚል ፎልደር ከፍቼላቸዋለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ስልኳን ወደ ላይ አንሸራተተች፣ አንሸራተተች፤ የነገረችኝ ቀን ባዶ ቆራጩ የተለቀቀበት ማግስት ነበር።

መጥረጊያ ክፍሏ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ሳይቆረጡ የተቀመጡ ዋናዎቹን ቅጂዎች ለሠላሳ ቀን እናቆያቸዋለን፤ ከዚያ በራሳቸው ይጠፋሉ። የመጀመሪያዎቹ ሊጠፉ ሦስት ቀን ቀርቷቸው ነበር። አጎቴ የይለፍ ቃሉን የሚያስይዘው እኔን ስለሆነ በእሱ ስም ገብቼ ክፍላቸውን ከፈትኩ። አጎቴ ማክሰኞ ክፍሉን ለቆ ወጥቷል። ጠጋበሉ ግን አልወጣም። ማክሰኞ ቀድቷል። ረቡዕም። ሐሙስም። የዛሬዋን ሰኞ ጨምሮ ሰባት ቅጂ፣ ሁሉም ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ።

የሐሙሱን ከፈትኩ። ድምፁ ሸካራ ነው፤ ገና ከአልጋው እንደተነሣ ያስታውቃል።

«ዳገቱን አልፈናል፣ ቁልቁለቱ መጣ፣
ምን ሆነብኝ ፍሬን፣ ድምፁ የማይወጣ?»

ከዚያ በመዳፉ ጠረጴዛውን ሁለቴ መታ። ከዚያ ዝም አለ።

ዝም አለ ልበል እንጂ ዝም አላለም። ወንበር ሲጥ አለ። ራቅ ብሎ በር ተከፍቶ ተዘጋ። የሆነ ሰው ነጠላ ጫማውን እየጎተተ አለፈ። ጠጋበሉ በአፍንጫው ይተነፍሳል፤ የአጎቴ ድምፅ በሚገባበት ልክ፣ ሳይቸኩል። ቆጣሪውን አየሁ፦ አሥራ አንድ ሰከንድ። ሲያበቃ ቀስ ብሎ «እሺ» አለ፣ የመለሰለት ሰው ያለ ይመስል፤ ሁለተኛውን ስንኝም ጀመረ።

የተቆረጠውን አጠገቡ ከፈትኩት። እዚያ ሁለቴ መታ የለም፣ ወንበር የለም፣ ትንፋሽ የለም። አንድ ያለማቋረጥ የሚለፈልፍ ሽማግሌ ብቻ ነው ያለው። ስፌቱ ግን እንዳልኩት ነበር፤ አይታይም።

ከአርባ ሦስቱ አሥሩን ፈትሼ ወጣሁ። ሥራ አስኪያጇ ፖም እየገመጠች ከመስኮት መስኮት ትመላለሳለች። ሐሙስ ከአንድ የስልክ ኩባንያ ሰዎች ይመጣሉ፤ የምትለውን እየተለማመደች ነበር።

«ባዶ ቆራጩን ማንሣት አለብን» አልኳት።

ፖሙ አፏ ውስጥ ቆመ። «ሐሙስ የሚመጡት ምን ሊያዩ እንደሚመጡ ታውቂያለሽ?»

«ፍጥነቱን።»

«ፍጥነቱ ደግሞ ያንቺ ነው። የራስሽን ልጅ ራስሽ ልታንቂ?»

«ይሄን ስሚ» አልኩና የጆሮ ማዳመጫውን ሰጠኋት።

ስንኙ ላይ ፈገግ አለች። ትንሽ ቆይታ አንዱን ጆሮ አነሣች። «ቆመ። ተበላሸ?»

«አልተበላሸም። እየጠበቀ ነው።»

«ማንን?»

«አጎቴን።»

መልሳ አደረገችው። ታች መስታወቱ መንጫጫት ጀመረ፤ በሁለት እጇ ጆሮዎቿን ይዛ ጎንበስ አለች። «እሺ» የሚለው ላይ ስትደርስ ከፊቷ አወቅሁት። አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ሌሎቹም እንዲህ ናቸው?»

«ያየኋቸው አሥሩም።»

«ያን ሁሉ ዓመት ስትማሪ ይሄን አላስተማሩሽም?»

ለመውጋት አልነበረም፤ እውነት ማወቅ ፈልጋ ነው። «አላስተማሩኝም» አልኳት። «እኔም አልጠየቅሁም።»

ፖሟን አየችው፤ የተገመጠው በኩል ጠቁሯል። «በይ አንሺው። ግን ሐሙስ የምለውን አንቺ ነሽ የምትጽፊልኝ። እኔ ሰው ፊት ቆሜ ‹ከበፊቱ ቀርፋፋ ሆነናል› አልልም።»

ዋናዎቹን ወደ ቦታቸው ስመልስ ማክሰኞ ከሰዓት ሆነ። አቤቱታ ለአርባ ሦስቱም ጻፈች፤ ፎልደሩንም ስሙን ቀየረችው፣ ወደ ምን እንደሆነ አልነገረችንም። እኔ ወደ ቤት ሄድኩ። አውቶቡስ ውስጥ የምናገረውን አምስት ጊዜ አዘጋጅቼ አምስቱንም ጣልኩት።

አጎቴ የኩሽናው መደርደሪያ አልቆበት የበሩን ማጠፊያ ዘይት እየቀባ ነበር። ሚስቱ ምድጃው ጋ ናት።

«ጋሼ፣ ጠጋበሉ አልደረበብህም። እኔ ነኝ።»

«አንቺ ምን?»

«ቦታህን የቆረጥኩት። በመካከል የሚተውልህን ዝምታ መተግበሪያው እንዲቆርጥ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ያንተንም ለእሱ ቆርጬበታለሁ። ስለዚህ እሱም ደረብክበት መስሎታል።»

ዘይቱን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። በሩን አንዴ ከፈተው፣ ዘጋው፤ አልጮኸም።

«ሁለቴ መምታቱንስ?»

«እሱንም። ኳኳታ መስሎት...» አልኩና አረምኩት። «ኳኳታ መስሎኝ።»

«ቅዳሜ ስትጠይቂኝ ታውቂ ነበር?»

«ጠርጥሬ ነበር።»

«ጠርጥረሽ ሻይሽን ጠጣሽ።»

«አዎ።»

የአጎቴ ሚስት ከምድጃው ሳትዞር «ተዋት እንግዲህ፣ ነገረችህ አይደል» አለች።

«መቼ ያዝኳት?» አለ። ለረጅም ጊዜ እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ያን ያህል ዘይት አልነበረበትም። ቀና ሳይል «አንቺ ነሽ ያጣላሽው፣ አንቺው ደውይለት» አለኝ። «እኔ አልደውልም።»

ደወልኩ። ድምፁን ለሁላችን ከፈትኩት። አጎቴ ጀርባውን ሰጥቶን ተደርድረው ያለቁትን ድስቶች እንደገና መደርደር ጀመረ።

«ፍሬን ነው የላከሽ?» አለ ጠጋበሉ ገና ሰላም ሳልለው።

«አልላከኝም ጋሼ። አጠገቤ ግን አለ።»

«የለም በይው» አለ አጎቴ።

«የለም በይው ይላል።»

«ሰማሁት። ድምፁ አላረጀም።»

የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። አንዴም አላቋረጠኝም። ስጨርስ ዝም አለ፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ያ ዝምታ እንዲሞላ አልቸኮልኩም።

«እኔ ደግሞ አዝኜለት ነበር» አለ በመጨረሻ። «በሹፌርነቱ አንድ መኪና ደርቦ የማያውቅ ሰው በጡረታው ጀመረ ብዬ።»

የአጎቴ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። እየሳቀ መሆኑን ያወቅሁት የድስት ክዳን ሲያመልጠው ነው።

«ግን እሱ ከወጣ በኋላም ሲቀዱ ነበር» አልኩት ጠጋበሉን። «በየቀኑ። ቦታውንም ሲተዉለት። ለምን?»

«ይቺ ልጅ ምን ትላለች?» አለ፣ ለእኔ ሳይሆን ለአጎቴ። «ሹፌር ሽንት ቤት ገብቶ ቢዘገይ ትኬት ቆራጭ አውቶቡሱን ጥሎ ይሄዳል?»

አጎቴ መጥቶ ስልኩን ከእጄ ወሰደ። አፉ ጋ አስጠግቶ «አሁን ዝጋ» አለው፤ «ሥራ አለብኝ።» ጠጋበሉም ሳይሰናበተው ዘጋ። እኔ ደንግጬ የአጎቴን ሚስት አየሁ። እሷ ግን እሳቱን ቀነሰች፤ ከዚያ የራዲዮውን ድምፅ፤ ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ክፈቺልኝ» አለኝ አጎቴ።

የሐሙሱን ከፈትኩለት። ቁልቁለቱ መጣ፣ ድምፁ የማይወጣ፣ ሁለቴ መታ። አጎቴ አፉን ከፈተ፤ ግን አልዘፈነም። ወንበሩ ሲጥ ሲል አዳመጠ፤ በሩን፣ ነጠላ ጫማውን፣ ትንፋሹን። አሥራ አንዱ ሰከንድ አለቀ። «እሺ» አለ ስልኩ።

«ለማን ነው እሺ ያለው?»

«ላንተ።»

«እኔ ምንም አላልኩም።»

«እንዳልክ ቆጥሮ ነው።»

መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገ። «መልሺው።»

መለስኩት፤ መቅጃውንም ከፈትኩ። በዚህኛው፣ ሁለተኛው ምት ሳይበርድ ገባ።

«ፍሬኑስ ደህና ነው፣ አርጅቶም ይይዛል፣
ሁለቴ ሳይመቱት ማን ወዴት ይጓዛል?»

ሲያበቃ ቆጣሪው ስምንት ላይ ነበር። ሦስት ሰከንድ ተረፈ። ትንፋሼ እንዳይቀዳ አፌን በእጄ ያዝኩ። እሱ አልተነቃነቀም፤ የተረፈውን እዚያው ተቀምጦ ጨረሰው።

«ላኪው» አለ። «እንዳለ።»

እንዳለ ላክሁት።